ሆድ ብቻውን ፈተና አያልፍም
የአሜሪካ ጦርን ለመቀላቀል የሚዘጋጅ ወጣት ማታ ማታ ምንጣፍ አንጥፎ ሲት አፕ ብቻ ሲደጋግም ልፋቱን አደንቃለሁ፤ ስሌቱን ግን አልቀበልም። ከ1980 ጀምሮ ለአራት አሥርት ዓመታት በቆየው ፈተና እንኳ የሁለት ደቂቃው ሲት አፕ ከ300 ነጥብ 100ውን ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ቀሪው የፑሽ አፕና የሁለት ማይል ሩጫ ድርሻ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሲት አፕ ጭራሽ ቀርቶ በፕላንክ፣ ማለትም በክንድ ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ በመያዝ፣ ተተክቷል። ለነገሩ እግር ተይዞ ሲት አፕ ሲሠራ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት ጭንን ወደ ላይ የሚስቡት ጡንቻዎች ናቸው፤ ጣጣው ለወገብ ይተርፋል። የሆድ ጡንቻ ዋና ሥራ ወገብን አጽንቶ መያዝ ነው። ይህም የሚታየው በዛሬው ፈተና ፈታኙ ሰዓት እየያዘ 90 ፓውንድ የተጫነበት ሸርተቴ ወደ ኋላ ሲጎተት፣ በግራና በቀኝ 40፣ 40 ፓውንድ ብረት አንጠልጥሎ ሲሮጥ ነው። እዚያ ጀርባ፣ መቀመጫና ጭን ካላገዙት ሆድ ብቻውን የትም አይደርስም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ ተፈታኙ በሳምንት ሁለት ቀን ከባድ ነገር ከመሬት ያንሳ፣ ሌላ ሁለት ቀን ይሩጥ፤ ፕላንኩን በመጨረሻ ያክልበት።