"እንጉዳዩ የካንሰር ሴል ይገድላል!" አዎ፣ ግን የት?

"ዶክተር፣ ኮርዲሴፕስ የሚባለው የእንጉዳይ ዱቄት ካንሰር ያድናል ይላሉ፤ እውነት ነው?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በዝቷል። ሻጮቹ "በሳይንስ የተረጋገጠ ነው" ይላሉ። እስቲ ሳይንሱን ራሱን እንየው።

በእንጉዳዩ ውስጥ ኮርዲሴፒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሴል ለመኖርና ለመባዛት አር.ኤን.ኤ የተባለ የመልእክት ሰንሰለት ይሠራል። ኮርዲሴፒን የዚህን ሰንሰለት አንድ መሥሪያ፣ አዴኖሲንን፣ በጣም ይመስላል፤ ግን ቀጣዩ ቁራጭ የሚያያዝበት መንጠቆ የለውም። ሴሉ ተታልሎ ሲጠቀምበት ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል። በዚህም ምክንያት በቤተ ሙከራ የካንሰር ሴሎች እድገታቸው ይገታል፣ ይሞታሉም። እስከዚህ ድረስ ሻጮቹ አልዋሹም።

ችግሩ "በቤተ ሙከራ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል በረኪና ቢፈስበትም ይሞታል! ሰው ግን ሳህን አይደለም። ኮርዲሴፒን ደማችን ውስጥ ሲገባ አዴኖሲን ዲአሚኔዝ የተባለው የራሳችን ኢንዛይም ቶሎ ለውጦ አቅም ያሳጣዋል።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ዱቄት አልሸጡም። ከአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ጋር ሆነው ኢንዛይሙ እንዳያጠቃው ሞለኪውሉን ቀይረው ኑክ-7738 የተባለውን ሠሩ። በቤተ ሙከራ ከኮርዲሴፒን እስከ 40 እጥፍ የበረታ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2019 በካንሰር ሕሙማን ላይ ሙከራ ተጀመረ። ይህ ሁሉ ተለፍቶበት እንኳ "ያድናል" ለማለት የሰው ላይ ሙከራው ውጤት ይጠበቃል። ታዲያ የጣሳው ዱቄት በምን ሂሳብ አዳነ?

እኔ እንጉዳይ አልንቅም፤ ፔኒሲሊንም የተገኘው ከፈንገስ ነው። የምቃወመው ኬሞና ቀዶ ሕክምና አስጥሎ ዱቄት የሚያስጨብጠውን ንግድ ነው። ካንሰር አይጠብቅም። ዛሬ ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል እጢ፣ ዱቄት ሲጠጣ በተከረመባቸው ወራት ሊሰራጭ ይችላል። ያ ጊዜ ደግሞ በገንዘብ አይመለስም።

ስለዚህ፦
• ሕክምናችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ።
• ዱቄትም ሆነ ሻይ እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ከመድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል።
• "ይገድላል" ሲሏችሁ "ሳህን ላይ ነው ሰው ላይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለታመመ ዘመድና ወዳጅ ይደርስ ዘንድ ሼር አድርጉ።