ሐምሌን ማን ይሣልልን?

በዚህ ሳምንት አንድ ዐውደ ርእይ ላይ ነበርኩ። ወጣቱ ሠዓሊ አንድን ኮረብታ በበጋም በክረምትም ደጋግሞ ሥሎታል። ከጎኔ የቆመ ሰው «ሐሳብ ቢያልቅበት ነው» ብሎ አለፈ። ንግግሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጁ እዚያ ኮረብታ ሥር የከረመው ኮረብታው አላልቅ ብሎት ነው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔም እ.ኤ.አ. በ1890 እና 1891 ዢቨርኒ ካለው ቤቱ አጠገብ የእህል ክምር ከሃያ ጊዜ በላይ ሥሏል። የኛ ገበሬ ኅዳር ላይ እንደሚከምረው ያለ፣ ገና ያልተወቃ ስንዴ ነው። ሞኔ ብዙ ሸራ ይዞ ይወጣል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሣል፤ ያ ብርሃን ሲመለስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በ1891 ፓሪስ ውስጥ 15ቱ አንድ ላይ ተሰቀሉ። ጎን ለጎን ሲታዩ ክምሩ ያው ነው፤ አየሩ ግን በእያንዳንዱ ሸራ ላይ ሌላ ነው። ወቅትን መሣል ማለት ይኼ ነው።

ደጋግሜ ያልኩትን ዛሬም እላለሁ፦ ሠዓሊዎቻችን ከስልክ ፎቶ መሣል ይተዉ። ፎቶ ብርዱን አያውቅም፤ ደመና ሲመጣ ሜዳው እንዴት እንደሚጠቁር አይነግርም። ከፎቶ ስለምንሥል ነው ዓመታችን መስከረም ብቻ የሆነው። አደይ አበባን ማን ይጠላል? ግን ሐምሌ የት ገባ? ጉም እንጦጦን ሲውጥ፣ የሰኔ ጭቃ፣ ግንቦት ላይ ዝናብ የሚጠብቀው የተቃጠለ ሣር የት አለ?

«በዝናብ እንዴት ይሣላል?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ሞኔ በረዶን ሥሏል። ገና ወጣት ሳለ የሣላትን፣ ማሳ በር ላይ አንዲት ወፍ ያረፈችበትን የበረዶ ሥዕል፣ «ሳሎን» የሚባለው የ1869 የፓሪስ ዐውደ ርእይ ዳኞች አንቀበልም አሉ። ዛሬ ኦርሴ ሙዚየም ተሰቅላለች።

ይህን ስጽፍ የፖፕላር ዛፎቹ ነገር ትዝ አለኝ። በ1891 ሞኔ በኤፕት ወንዝ ዳር የሚሥላቸው ዛፎች ለጨረታ ቀረቡ። እሱም ከእንጨት ነጋዴው ጋር ተስማምቶ፣ ሥራውን እስኪጨርስ እንዳይቆረጡ ገንዘብ ከፈለ። አንድን ቦታ በየወቅቱ ያየ ሰው የቦታው ጠበቃ ይሆናል። እኛ ሰፈር አሮጌ ዛፍ ሲወድቅ ዝም የምንለው፣ በዝናብም በፀሐይም ቆመን ስላላየነው ይመስለኛል።

ስለዚህ የሥዕል መምህራንን እለምናለሁ፦ በሐምሌ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለእያንዳንዱ አንድ ዛፍ ስጡት፤ በጥርም በግንቦትም እሱኑ ይሣል። ዓመቱ ሲሞላ ዐውደ ርእዩ ላይ ቀድሜ እገኛለሁ። ያን ዛፍ ሊቆርጡ የመጡ ቀን ደግሞ ማንም ሳይቀሰቅሰው ቀድሞ የሚጮኸው ያ ተማሪ ነው።