ምጣዱ ስለሠራ ባለሙያ ነው?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምጣድ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል እንበል። “ባለሙያው” ይመጣና ባለ20 አምፔሩን በ40 ይቀይረዋል። ምጣዱ ሠራ፣ ሒሳብ ተከፈለ። ግድግዳው ውስጥ ያለው 2.5 ሽቦ ግን ያው ነው፤ ከእንግዲህ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ይግላል። (እኛም እኮ “ጎበዝ ነው!” ብለን ስልኩን ለጎረቤት እንሰጣለን።)

ይህ ሰው ሲኦሲ ሊኖረው ይችላል። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው። እኔ የምለው፣ ተግባሩ ላይ ሆን ተብሎ የተበላሸ መስመር ይሰጠው፦ ኧርዝ ያልታሰረለት ሶኬት፣ ለሽቦው የማይመጥን ብሬከር። ጥፋቱን ያላገኘ ይውደቅ፣ ጽሑፉን ከመቶ መቶ ቢደፍንም። ዓመታት በልምድ ሠርቶ ወረቀት የሚያስፈራው ደግሞ በቃል ይጠየቅ።

“ፈተና ስታከብዱ ሥራ አጥ ታበዛላችሁ” የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ የወደቀ ድጋሚ በነፃ ይፈተን። ያንን ብሬከር ሳያይ ግን አይለፍ።