ስለ አንዲት ድመት ሲኒማና ስለ ተመልካቾቹ ፍርድ

ማናቸውም ሥራ ወደ አደባባይ በወጣ ጊዜ ፍርዱን የሚቀበለው ከተመልካቹ ነው። የሠራው ሰው ምንም ያህል ቢደክምበት፥ ሕዝብ ያልተቀበለው እንደ ሆነ ድካሙ በቤቱ ይቀራል፤ የተቀበለው እንደ ሆነ ግን ትንሹ ሥራ ከሠሪው አገር አልፎ ሩቅ ይደርሳል። ዳሩ ግን የተመልካች ፍርድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በጭብጨባ ይገለጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰዎች ከአዳራሹ ወጥተው ወደየቤታቸው ሲመለሱ በሚነጋገሩት ነገር ይታወቃል። ጭብጨባ በአዳራሹ ውስጥ ያልቃል፤ ንግግሩ ግን በማዕድ ላይና በልጆች መኝታ አጠገብ ይቀጥላልና፥ ይህ ሁለተኛው ፍርድ የበለጠ ክብደት አለው።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ ሥራ በቅርቡ በባልቲክ ባሕር ዳር ካለችው ከላትቪያ አገር ወጥቷል። ይኸውም በአገሩ ቋንቋ «ስትራውሜ»፥ በእንግሊዝኛ «ፍሎው» የተባለው፥ ትርጓሜውም የውኃ ፍሰት የሆነው፥ ቤተሰብ በአንድነት የሚያየው የአኒሜሽን ሲኒማ ነው። ሠሪው ጊንትስ ዚልባሎዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው። ይህ ወጣት በ2019 ያወጣውን የመጀመሪያውን ረጅም ሲኒማ ብቻውን ሠርቶት ነበር። ሁለተኛውን ግን በላትቪያ፥ በፈረንሳይና በቤልጅግ ካሉ ባልንጀሮች ጋራ ተባብሮ፥ ከአምስት ዓመት በላይ ደክሞበት፥ በ2024 በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ድመት ሰው ጥሎት በሄደ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። በድንገት ታላቅ ጎርፍ ይመጣና ሜዳውንም ኮረብታውንም ይሸፍነዋል። ድመቷ ውኃን የምትፈራ፥ ከሌላው እንስሳ ጋራ መኖርን የማትወድ ስትሆን፥ ነፍሷን ለማዳን ስትል ወደ አንዲት ጀልባ ትገባለች። በጀልባዋ ውስጥ ካፒባራ የሚባለው፥ በደቡብ አሜሪካ የሚኖረው፥ ከአይጥ ወገን ሁሉ ትልቁ እንስሳ ተኝቶ ታገኘዋለች። ከዚያም በኋላ ዕቃ መሰብሰብ የሚወድ ሌሙር፥ ከሁሉ ጋራ መጫወት የሚፈልግ ውሻ፥ ስለ ድመቷም ተሟግቶ በገዛ ወገኖቹ ክንፉ የተሰበረ ረጅም እግር ያለው ነጭ ወፍ ይጨመራሉ። እነዚህ በጠባይ የማይመሳሰሉ አምስት ፍጥረቶች በአንዲት ጀልባ መኖርን ይማራሉ። ነገሩ ሁሉ በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጸማል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻውም አንድ ሰው አይታይም፥ አንድ ቃል አይነገርም።

ይህ ሥራ በገዛ አገሩ የተቀበለው አቀባበል ሊነገር የሚገባው ነው። ላትቪያ የሕዝቧ ቍጥር ከ2 ሚሊዮን በታች የሆነ ትንሽ አገር ናት፤ በ1918 ነፃነቷን አውጃ፥ በ1940 ተነጥቃ፥ በ1991 እንደ ገና የመለሰች ናት። በዚች አገር የሲኒማ ቤት ታሪክ እንደዚህ ሥራ ብዙ ተመልካች ያገኘ ሌላ ሲኒማ የለም። በ2025 መጀመሪያ ጎልደን ግሎብ የተባለውን የአሜሪካ ሽልማት ባገኘ ጊዜ፥ ሽልማቱ በዋና ከተማዋ በሪጋ ባለው በብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጦ ለሕዝብ ታየ። ሕዝቡም በክረምቱ ብርድ ተሰልፎ፥ ልጆቹን በእጁ ይዞ፥ ሊያየው መጣ። በ1935 በተመረቀው በነፃነት ሐውልት አቅራቢያም የድመቷ ምስል ቆመ። በማርች 2 ቀን 2025 ደግሞ ሲኒማው ኦስካር የተባለውን ሽልማት ተቀበለ፤ ይህም ለላትቪያ የመጀመሪያዋ ነው።

እንግዲህ በብርድ የተሰለፈው ሕዝብ ሊያየው የመጣው ነገር ምን ነበር? ወርቅ ለማየት ቢሆን ኖሮ በሪጋ የወርቅ አንጥረኛ አይታጣም ነበር። ቋንቋውን ከአገሩ ውጭ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቅለት ሕዝብ፥ ልጁ የሠራውን ነገር ዓለም ሁሉ እንደ ተረዳለት ባየ ጊዜ፥ ያን ምልክት በዓይኑ ሊያረጋግጥ ወጣ። ይህ ደስታ የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን ሥራው ከምስጋና ጋራ ክርክርንም አምጥቷል፤ በክርክሩም ውስጥ ብዙ ትምህርት አለበት።

የመጀመሪያው ክርክር ስለ ንግግር ነው። አንዳንድ ሰዎች፥ ዛሬ ልጅ ያለ ቀልድና ያለ ዘፈን፥ ያለ ብዙ ወሬም ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ ሲኒማ አያይም፥ ታሪኩም አይገባውም ብለው ያስቡ ነበር። ይህ አሳብ ከልምድ የመጣ ነው፤ ለልጆች የሚሠራው ሲኒማ አብዛኛው እንስሳውን ሁሉ እንደ ሰው ያናግራልና። በዚህ ሥራ ግን ድመት እንደ ድመት፥ ውሻም እንደ ውሻ ይጮኻል። ድምፃቸው ከእውነተኛ እንስሳት የተቀዳ ነው፤ የካፒባራው ድምፅ ግን ቀጭን ሆኖ ለዝግተኛ ጠባዩ ስላልተስማማ በግመል ግልገል ድምፅ ተተክቷል። ወላጆችም ልጆቻቸው ዝም ብለው፥ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፥ እስከ መጨረሻው ሲያዩት አገኟቸው። ሲኒማውን በቤታቸው ያዩ ሰዎች ደግሞ የገዛ ድመታቸውና ውሻቸው ከመስኮቱ ፊት ተቀምጠው አብረው እንዳዩ ሥዕል እያነሡ አሳይተዋል፤ ይህም ብዙ ሰው አስቋል።

በእውነቱ ይህ ሊያስደንቅ አይገባም ነበር። ፊደል ያልቈጠረ ምእመን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን እያየ ታሪኩን ሁሉ በልቡ እንደሚያኖር ካህናት ያውቃሉ። ሥዕል በሚገባ የተሣለ እንደ ሆነ ለዓይን ይናገራል፤ የሕፃን ዓይን ደግሞ ከአዋቂ ዓይን ይልቅ የተሳለ ነው። ከዚህም በቀር ቃል የሌለው ሥራ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የሪጋ ልጅና የአዲስ አበባ ልጅ፥ በዋሽንግተንም አማርኛ እየረሳ የሚያድገው ልጅ፥ ይህን ሲኒማ ያለ ብልጫ እኩል ያዩታል። በሰው አገር ቋንቋ የተሠራውን ሲኒማ እያየ ግማሹን በግምት ለሚያልፍ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ክርክር ስለ መልኩ ነው። አንዳንድ ተመልካቾች የእንስሳቱ ጠጕር አንድ በአንድ አልተሠራም፥ ሥዕሉም ልጆች በኮምፒውተር ከሚጫወቱት ጨዋታ አይበልጥም ብለው ነቅፈውታል። ነቀፋው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ዓይን ያለው ሰው ልዩነቱን ያያል። ነገር ግን ፍርድ ሲፈረድ ወጪውም አብሮ ይመዘናል። ይህ ሥራ የፈጀው ገንዘብ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ነው። ለዚያው የኦስካር ሽልማት ከተወዳደሩት አንዱ፥ «ኢንሳይድ አውት 2» የተባለው የአሜሪካ ሲኒማ፥ 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል። ያም ሥራ በብዙ አገር የተወደደና ሊወደድ የሚገባው ነው። ሆኖም የላትቪያው ወጣት የሠራበት «ብሌንደር» የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ማንም ሰው ያለ ዋጋ የሚያገኘው ነው። መሣሪያው ለሁሉ ተሰጥቶ ሳለ ሥራው የጥቂቶች ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ፥ የጐደለው ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ መረዳት ይገባል። ትዕግሥትና ትምህርት፥ የሚያምንም ሰው ያስፈልጋል። በላትቪያ ብሔራዊው የፊልም ማዕከል ለዚህ ሥራ ርዳታ በሰጠ ጊዜ፥ ፍሬው የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ሆነ እያወቀ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ በእጁ ያለ ሹም ሁሉ ይህን ነገር ቢያስብበት መልካም ነው፤ በአንድ ዓመት የሚበስለው ጎመን ብቻ ነው፥ ዛፍ ግን የተከለው ሰው ካረጀ በኋላ ያፈራል።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የከበደ ነው፤ ይኸውም ስለ ዓሣ አንበሪው ነው። በጎርፉ ጊዜ እጅግ ታላቅ የሆነ ዓሣ አንበሪ መሰል ፍጥረት በውኃው ውስጥ ይታያል፤ ድመቷም ልትሰጥም በቀረበች ጊዜ ከጥልቁ ወደ ላይ ያወጣታል። በመጨረሻ ውኃው በድንገት ይጐድላል፤ ምድር ትገለጣለች፥ ጀልባይቱም በዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ልጆች ሁሉ በዚህ ጊዜ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ድመቷ ወደ ዱር ስትሮጥ ያን ታላቅ ፍጥረት በደረቅ ምድር ላይ ወድቆ፥ እያቃሰተ ታገኘዋለች። ለእርሷ መዳኛ የሆነው የውኃው መጕደል ለእርሱ ሞት ሆነበት። እርሷም ቀርባ ራሷን በገላው ላይ ታሻሸዋለች፤ ባልንጀሮቿም መጥተው አጠገቧ ይቆማሉ፤ አራቱም በአንድነት በውኃ ኩሬ ውስጥ መልካቸውን ያያሉ። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ካለፈ በኋላ አንድ ዓሣ አንበሪ በባሕር ላይ ሲወጣ ይታያል። ከተመልካቾቹ አንዳንዱ ያው ነው፥ ድኗል ይላል፤ አንዳንዱም ሌላ ነው ይላል።

በዚህ ስፍራ ያለቀሱ ልጆች አሉ። አንዳንድ ወላጆችም፥ ለልጆች በተሠራ ነገር እንዲህ ያለ ኀዘን ለምን ይገባል፥ ሰዎቹስ ወዴት እንደ ሄዱ፥ ጎርፉስ ከምን እንደ መጣ ለምን አልተነገረም ብለው አጉረምርመዋል። የኖኅን መርከብ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው ይብሳል፤ በዚያ ታሪክ የጎርፉ ምክንያት ተነግሯል፥ መርከቢቱን የሠራት ጻድቅ ሰውም አለ፤ በዚህኛው ግን እንስሳቱ ብቻቸውን፥ ትእዛዝም ምክንያትም ሳይሰሙ ይጓዛሉ። ስለዚህ ይህን ሲኒማ እንደ መጽሐፉ ታሪክ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ምክንያቱ ባልታወቀ መከራ ውስጥ ስለሚታይ ርኅራኄ የተነገረ ምሳሌ አድርጎ መቀበል ይሻላል።

የወላጆች አሳብ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አይናቅም። ዳሩ ግን ልጅን ከኀዘን ሁሉ ከልክሎ ማሳደግ የሚችል ማን ነው? አያቱ ይሞታሉ፤ የሚወደው በግ ለበዓል ይታረዳል፤ ጐረቤቱ ይታመማል። ልጅ እነዚህን ነገሮች ሁሉ ያያል፤ የሚጐዳውም ከማየቱ ይልቅ የሚያስረዳው ሰው ማጣቱ ነው። በአገራችን የቀድሞ ሰዎች ተረት ሲነግሩ ጅቡ አህያዋን እንደ በላት አይሰውሩም ነበር፤ ነገር ግን ልጁን ለብቻው አይተዉትም፥ በእሳቱ ዳር ከጕልበታቸው አጠገብ አስቀምጠው ይነግሩታል። ስለዚህ የዚህ ሲኒማ ኀዘን በሠሪው ላይ ከሚያመጣው ነቀፋ ይልቅ በወላጅ ላይ የሚያመጣው ግዴታ ይበልጣል። ልጁን ከመስኮቱ ፊት አስቀምጦ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄድ ሰው፥ ልጁ «ለምን ሞተ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ አይገኝም። አብሮ የተቀመጠ ግን መልስ ባይኖረው እንኳ እጁን በትከሻው ላይ ያኖርለታል፤ ድመቷም ለዓሣ አንበሪው ያደረገችው ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም።

ነገሩ ለልጆች ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ይልቁንም ሥልጣን ለተሰጠው ሰው ታላቅ ማሳሰቢያ ነው። በማናቸውም አገር ደንብ ሲወጣ፥ መንገድ ሲቀየስ፥ ወንዝ ሲገደብ፥ ለአንዱ ምድር ሲገለጥለት ለሌላው ባሕሩ ይደርቅበታል። ይህን ፈጽሞ ማስቀረት የሚቻለው ሹም የለም። የሚቻለውና የሚገባው ግን፥ የዳኑት ሰዎች ደስታ በሚሰማበት ሰዓት፥ በዚያው ነገር የወደቀ ሌላ እንዳለ ወደ ዱሩ ገብቶ ማየት፥ ካገኘውም አለማለፍ ነው። ሁሉ ሲደሰት የወደቀውን ፈልጎ መሄድ ከትንሽ ድመት ከተገኘ፥ ከሰው አለመገኘቱ ያሳፍራል።

እንግዲህ የተመልካቾቹ ክርክር ሥራውን አላዋረደውም፤ ዋጋውን ገለጠው እንጂ። ልጅ ጠይቆት አባት መልስ የሚፈልግለት ሲኒማ፥ ሁለት ባልንጀሮች ስለ መጨረሻው የማይስማሙበት ሲኒማ፥ ሥራው በአዳራሹ ውስጥ አላለቀም። ልጆች ያሏቸው ሰዎች ይህን ሥራ ያገኙ እንደ ሆነ ከልጆቻቸው ጋራ ተቀምጠው ይዩት፤ የሚቀርበውንም ጥያቄ አይሽሹ። በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉትም ከአገራቸው ወጣቶች መካከል በትዕግሥት ተቀምጦ ለመሥራት የሚወድ ባገኙ ጊዜ፥ ጥቂት ርዳታና ብዙ ጊዜ ይስጡት። የላትቪያ ሕዝብ በብርድ ተሰልፎ ያከበረው ሥራ ከእንዲህ ያለ ጥቂት ነገር ተነሥቶ ነው ለዚህ የደረሰው።