ስለ ውድ ሄድፎን ጥቂት ልበል

ለትምህርት ክፍላችን የመስክ ሥራ ዕቃ ሊገዛ ስለሆነ ሐሳብ ስጡ ከተባልን ወዲህ ዶርማችን ውስጥ እንቅልፍ የለም። ሪከርደሩ ላይ ሁሉም ተስማምቷል፤ ያጣላን ሄድፎን ነው። አንዱ ወገን «ብሩን ሰብስበን አንድ እጅግ ምርጥ፣ ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎን እንግዛ፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኧረ ባካችሁ! ለመስሚያ ይሄን ያህል ብር? ለያንዳንዱ ተማሪ ከመንገድ ዳር አንዳንድ ኤርፎን ይገዛለትና ይለቅ» ባይ ነው። እኔ ሁለቱንም አልደግፍም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን መጀመሪያ ጌጫ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝ።

ባለፈው ነሐሴ ለመስክ ሥራ ወደ ጌጫ ሄጄ የአባቴን አክስት ቀዳሁ። የነገሩኝ በሸካቾ ቋንቋ ሲሆን ጉዳዩ የቤተሰባችን ቆቦ ነበር። ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ፣ ቆቦ ማለት ጫካ ውስጥ የማር ቀፎ የሚሰቀልበት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ይዞታ ነው። ወረቀት የለውም። ድንበሩ በሰው አፍ ነው ያለው፤ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ዛፍ፣ ከዚህ ጅረት እስከዚያ ጅረት እየተባለ። እሳቸውም ዛፉን በዛፍ፣ ጅረቱን በጅረት ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተረኩልኝ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ነበር (ጌጫ በነሐሴ ዝናብ ከሌለው ጌጫ አይደለም)፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ወፍጮ ቤት አለ። እኔ ከስልኬ ጋር የመጣውን ኤርፎን ሪከርደሩ ላይ ሰክቼ እየሰማሁ ነበር። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ግቢ ደርሼ በኮምፒውተር ላብ ስከፍተው ከድምፃቸው ሥር የወፍጮው ሞተር ያጉረመርማል፤ በበሩ የሚገባው ነፋስ ማይኩን እየመታ «ቡፍ ቡፍ» ይላል። አክስቴ ደግሞ የጅረት ስም ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ የማድረግ ልማድ አላቸው። ስለዚህ የጠፋው ሌላው ወሬ ሳይሆን ስሙ ነው፤ የሄድኩበት ጉዳይ።

በጥር ተመልሼ ሄድኩ። በድጋሚ ነገሩኝ፤ ግን በአሥራ አምስት ደቂቃ። የቀሩትን ዛፎች ስጠይቃቸው «ያን ጊዜ ነግሬህ የለም እንዴ? አልሰማህም ነበር?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሰምቻለሁ እኮ!

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው፤ ኤርፎኑ ዋሽቶኛል። የዋሸኝም በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ጆሮ ውስጥ በደንብ የማይገጥም ትንሽ ኤርፎን ዝቅተኛውን ድምፅ፣ ማለትም የሞተርና የነፋስን ጉምጉምታ፣ አያወጣም፤ ማይኩ ግን ይቀዳዋል። ሁለተኛ፣ የውጪው ዝናብ ቀጥታ ጆሮዬ ውስጥ ስለሚገባ ይሄ የምሰማው ዝናብ ከቆርቆሮው የመጣ ይሁን ከሪከርደሩ መለየት አልችልም። ሁለቱ ከተደባለቁ ደግሞ ቁጥጥር የሚባል ነገር የለም።

ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎን የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ክፍት የሚባለው ዓይነት ከጀርባው ወንፊት ስላለው ድምፅ ይወጣል፣ ይገባል። ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ያምራል፤ ቆርቆሮ ሥር ግን ዋጋ የለውም። ዝጉ ጀርባው ድፍን ሆኖ በትራሱ ጆሮን ዙሪያውን ይከድናል። ለምሳሌ ዜንሃይዘር ኤችዲ 280 ፕሮ የሚባለው የውጪን ድምፅ እስከ 32 ዴሲቤል እንደሚቀንስ ፋብሪካው ይገልጻል። «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ከፍ ያለ ድምፅን በደንብ ይከላከላል፣ ነጎድጓድና ሞተርን ግን ያን ያህል አያግድም። ቢሆንም የዝናቡ ፍጨት ቀለል ሲልላችሁ በማይኩ የገባው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ «አክስቴ፣ ወደ ጓዳ እንግባ» ይባላል፤ ወይም ወፍጮው እስኪያቆም ቡና ይጠጣል።

እንግዲህ ዝግ ይሁን ካልን ውዱስ? እዚህ ላይ ከአንደኛው ወገን ጓደኞቼ ጋር እለያለሁ። ውድ ሲባል ቀልድ አይደለም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ኤምዲአር-አር10 ጽዋው ከጃፓን ዛፍ እንጨት የተሠራ ነበር፤ ዋጋውም 2,500 ዶላር። የፈረንሳዩ ፎካል በ2019 ያወጣው ስቴሊያ ወደ 3,000 ዶላር ነበር። በብር ለመመንዘር ድፍረቱ የለኝም። ገንዘቡ ግን እንዲሁ ለስም ብቻ የሚከፈል አይደለም። ስፒከሩ ወደ ጆሮ የሚልከውን ያህል ወደ ኋላም ይልካል፤ ጀርባው ዝግ ሲሆን ያ ድምፅ ጽዋው ውስጥ እየተንጫጨ ይመለሳል። በርሜል ውስጥ የመናገር ያህል የሚያስቀይመው እሱ ነው። ከውዱ ዋጋ አንዱ ክፍል ያንን ለመግራት የሚወጣ ነው።

ድምፁስ? አዲስ አበባ ስቱዲዮ ያለው አንድ ዘመዴ ዘንድ ከእነዚህ ውዶች አንዱን ለአንድ ሰዓት ያህል አድርጌዋለሁ። መቼም አልዋሽም፣ ያምራል። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ያስቀዳውን «እሬ መላ መላ» ስሰማ ትንፋሹ ሳይቀር አጠገቤ ነበር፤ ቤዙና ሳክስፎኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው። ቤተኛ ሆኜ የምሰማው ዘፈን እንግዳ ሆነብኝ። በነገራችን ላይ እዚህ ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ ላይ የሚጫንልን ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የኖረ ኤምፒ3 ነው፤ እሱን በዚያ ሄድፎን መስማት የሸሚዝን እድፍ በአምፖል እንደማየት ነው። ከዚያ የጌጫውን ፋይል ከፈትኩት። የጌጫን ወፍጮ እንደዚያ አምሮ ሰምቼው አላውቅም! የጅረቶቹ ስም ግን የለም።

ያንኑ ፋይል የዶርም ጓደኛዬ እህቱ ከውጭ ባመጣችለት ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ሰማሁት። ጀርመኖች ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠሩት፣ ከስቴሊያ ዋጋ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ነው። ማሕሙድ ያን ያህል አጠገቤ አልመጣም። ወፍጮው ግን አለ። ነፋሱም አለ። በነሐሴ ማወቅ የነበረብኝን ሁሉ ይነግረኝ ነበር።

ይሄ የኔ ጆሮ ብቻ አይደለም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ጄሮን ብሬባርት የሚባል ተመራማሪ 283 ሄድፎኖችን ለክቶ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ የሚያወጡበት መጠን ከዋጋቸው ጋር ዝምድና እንደሌለው በአሜሪካ አኮስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ አሳትሟል። ምቾትን፣ ጥንካሬንና መልክን አልለካም፤ ስለዚህ ውድ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም።

አንዱ ተከራካሪያችን የቤንች ልጅ ነው፤ እሱም አንድ ጠንካራ ነጥብ አምጥቷል። ቤንችኛ የቃልን ፍቺ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ይለያል፤ ያውም አምስት ደረጃ እኩል የሚሄዱ፣ አንድ ወደ ላይ የሚወጣ። ክላውስ ቬደኪንድ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ስድስት ቶን ያለው ቋንቋ ብሎ የጻፈበት ነው። «ይህን ለመለየት ምርጡ ሄድፎን ያስፈልጋል» ይላል ወዳጄ። አይመስለኝም። የወንድ ድምፅ መሠረቱ 100 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ የድሮው ስልክ ደግሞ ከ300 ሄርዝ በታች አያሳልፍም ነበር። ታዲያ አባታችን ሲደውልልን የሴት ድምፅ ነው ብለን እናውቃለን? የጎደለውን አእምሯችን ከላይኞቹ ድምፆች ተነስቶ ይሞላዋል። ቶንን ደካማ ኤርፎንም ያሰማል። ቶኑን የሚሸፍነውን ሞተር ነው የማያሰማው።

ስለዚህ የኔ ድምፅ ለመካከለኛው ነው። ሶኒ ኤምዲአር-7506ም ይሁን ዲቲ 770 ወይም የመሰለው፣ ጀርባው ዝግ ሆኖ ትራሱ የሚቀየር፣ በአንዱ ውድ ዋጋ ብዙ ይገዛል፤ ቴፒ የወጣውም ማሻ የወጣውም ቡድን በአንድ ቀን ሊሠራ ይችላል። መለዋወጫ ትራስ አብሮ ይታዘዝ። የእኛ አገር እርጥበት ሰው ሠራሽ ቆዳን እንደ ድንች ልጣጭ ነው የሚያነሳው፤ ትራሱ ከተቀደደ ደግሞ ቤዙ ያመልጣል፣ ዝግነቱም ያበቃል። ይህ በ3,000 ዶላሩም ላይ ያው ነው። ሹሩባ፣ ነጠላና መነጽርም ክፍተት ይፈጥራሉ። ይህን የማውቀው መነጽር ስለማደርግ ነው፤ የጓደኛዬን ሄድፎን መጀመሪያ ሳደርገው ወፍጮው የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ለፋሲካ ጌጫ ነኝ። አክስቴ ሦስተኛ ጊዜ ይነግሩኝ እንደሆን አላውቅም፤ አባቴ ስኳርና ቡና ይዘህ ሂድ ብሎኛል። እስከዚያ ዕቃው ከተገዛ እሰየው፤ ካልተገዛም ጓደኛዬ ሊያውሰኝ ቃል ገብቷል። መነጽሬን አውልቄ እሰማለሁ።