አሮጌ ኮምፒውተር ሲታደስ አሮጌ ስልክ ለምን ይጣላል?

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ለተሰኘው ስርዓተ ክወና ሲሰጥ የቆየውን ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደኅንነት መለዋወጫና ኩባንያው በዝርዝር ያስቀመጣቸውን አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ይጠይቃል። በዚህም ሳቢያ እክል ያልገጠማቸውና ሥራቸውን በአግባቡ ሲያከናውኑ የነበሩ በርካታ ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን “ድጋፍ የማይደረግላቸው” ሆነዋል።

ውሳኔው ሁሉንም እኩል አልነካም። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ለሚኖሩ ግለሰቦች ማሻሻያው ያለ ክፍያ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል። በሌላው ዓለም ያሉት ግን ወይ 30 ዶላር እንዲከፍሉ፣ አልያም የኮምፒውተራቸውን ቅንብር በኩባንያው አካውንት እንደማስቀመጥ ያሉ ቅድመ ሁኔታዎችን እንዲያሟሉ ተጠይቀዋል። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በስፋት በሚሸጡበት ምሥራቅ አፍሪካ ይህ ልዩነት ከቴክኒክ ጉዳይነት ያለፈ ነው።

ያም ሆኖ እነዚህ ኮምፒውተሮች መውጫ አላቸው። ሊኑክስን የመሰለ ነጻ ስርዓተ ክወና ከአንድ ፍላሽ ተጭኖባቸው ለተጨማሪ ዓመታት ሊያገለግሉ ይችላሉ። አምራቹ ማሻሻያ ያቆመበት ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዕድል የለውም። ስልክም ቢሆን ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ነው። ታዲያ የሁለቱ ዕጣ ለምን ተለያየ?

ሁለት የተለያዩ ስምምነቶች

ፕሮግራመሮች መመሪያቸውን የሚጽፉት ለሰው በሚገባ ቋንቋ ነው። ተጠቃሚው እጅ የሚደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ፕሮሰሰሩ የቁጥር ቋንቋ ተተርጉሞ ያለቀ ቅጂ ነው፤ በሙያው አጠራር “ባይነሪ” ይባላል። የባይነሪ ተጣጣሚነት ማለት ትናንት የተዘጋጀ ቅጂ ዛሬ በተገዛ ማሽን ላይ እንደገና ሳይጻፍ መሥራቱ ነው። ለኢንቴል ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ቅጂ፣ ተርጓሚ ካልተሰናዳለት በቀር፣ በአርም ፕሮሰሰር ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው ስምምነት የማሽኑን አካላት የሚመለከት ወጥ መስፈርት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ በምን ቅደም ተከተል ይነሳል? ዲስኩ፣ ስክሪኑና የኔትወርክ ካርዱ የት እንዳሉ ለስርዓተ ክወናው እንዴት ይነግራል? በግል ኮምፒውተሮች ዘንድ ይህ አሠራር ከ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ ተነስቶ ዛሬ ዩኢኤፍአይ እና ኤሲፒአይ በተባሉ የጋራ መስፈርቶች ይመራል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ የመጫኛ ፍላሽ የተለያዩ ኩባንያዎች በሠሯቸው ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

የድሮውን ያለመስበር ዋጋ

ተጣጣሚነት ከመጀመሪያው የነበረ ነገር አይደለም። አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360 የተሰኘውን የማሽን ቤተሰብ ይፋ እስኪያደርግ ድረስ የኩባንያው የራሱ ማሽኖች እንኳ እርስ በርስ አይጣጣሙም ነበር። ወደ ተሻለ ማሽን መሸጋገር ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ማስጻፍን ይጠይቅ ነበር። አዲሱ ቤተሰብ ለአነስተኛው ማሽን የተጻፈው ፕሮግራም በትልቁም እንዲሠራ አስቻለ።

ይህን መርህ መተው የሚያስከትለውን ኪሳራ በግልጽ ያሳየው ኢታኒየም ነው። ኢንቴልና ኤችፒ ያለፈውን ሸክም ትቶ ከባዶ የሚጀምር ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ነድፈው በ2001 ለገበያ አቀረቡ። ኢታኒየም የቀድሞዎቹን ፕሮግራሞች ማስኬድ ቢችልም እጅግ ቀርፋፋ ነበር። ተቀናቃኙ ኤኤምዲ በ2003 ያመጣው መፍትሔ ብዙም የማያስደንቅ፣ ነገር ግን ለደንበኛው የሚመች ነበር፤ ነባሩን የኤክስ86 ቋንቋ ሳያፈርስ ወደ 64 ቢት አሰፋው። በቀጣዩ ዓመት ኢንቴል ራሱ የተቀናቃኙን መንገድ ተከተለ። የመጨረሻዎቹ ኢታኒየሞች በ2021 ከተላኩ በኋላ ምርቱ አብቅቷል።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ተሸክሞ መጓዝም ዋጋ አለው። አሮጌ ኮድ ጥገና ይፈልጋል፤ ለጥቃት የሚያጋልጡ ክፍተቶችም ሊደበቁበት ይችላሉ። ማይክሮሶፍት ለቲፒኤም ግዴታ ያቀረበው ምክንያት ደኅንነት መሆኑም ለዚህ ነው። ኢንቴል ከ16 እና ከ32 ቢት ዘመን የቀሩ አሠራሮችን ከፕሮሰሰሮቹ ለመቀነስ በ2023 ሐሳብ አቅርቦ የነበረ ሲሆን፣ በ2024 መጨረሻ ግን ትቶታል።

አፕል ሌላ መንገድ መርጧል። የማክ ኮምፒውተሮቹን ፕሮሰሰር በ1994፣ በ2006 እና በ2020 ከሥር ቀይሯል። በእያንዳንዱ ሽግግርም ለቀድሞው ፕሮሰሰር የተዘጋጁ ፕሮግራሞች በአዲሱ ላይ እንዲሠሩ የሚያደርግ ተርጓሚ አቅርቧል። ድልድዩ ግን ዘላቂ አይደለም። ሮዜታ የተባለው የመጀመሪያው ትውልድ በ2011 ተነስቷል፤ የአሁኑም የሚጠብበት ጊዜ ተነግሯል። አፕል ይህን ማድረግ የቻለው ማሽኑንም ስርዓተ ክወናውንም ብቻውን ስለሚቆጣጠር ነው።

ስልኩ የጎደለው

በአንድሮይድ ስልክ ላይ የመጀመሪያው ስምምነት በሚገባ ይከበራል፤ አንድ መተግበሪያ የተለያዩ አምራቾች በሠሯቸው ስልኮች ላይ ይሠራል። የጎደለው ሁለተኛው ነው። የስልኩ ፕሮሰሰር፣ ካሜራና ሞደም ራሳቸውን ለስርዓተ ክወናው የሚያስተዋውቁበት እንደ ፒሲው ያለ ወጥ ደንብ ስለሌለ፣ እያንዳንዱ ሞዴል ለራሱ የተሰናዳ የስርዓት ቅጂ ይፈልጋል።

ችግሩን የሚያባብስ ሌላም ነገር አለ። አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። የከርነሉ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተጠቃሚ ፕሮግራም በማሻሻያ ምክንያት መሰበር እንደሌለበት አጥብቆ በመከራከር ይታወቃል። ይህ ጥበቃ ግን በከርነሉ ውስጥ ለሚሠሩት፣ ሃርድዌሩን ለሚያንቀሳቅሱት ድራይቨሮች አይዘልቅም። የቺፕ አምራቹ ድራይቨሩን ለአንድ የከርነል ዕትም አዘጋጅቶ በባይነሪ መልክ ብቻ ሲሰጥ፣ ስልኩ ከዚያ ዕትም ጋር ይታሰራል። አምራቹ ፊቱን ባዞረ ቀን ሌላ ሰው ሊቀጥልበት አይችልም።

ጉግል ከ2017 ጀምሮ ትሬብል በተሰኘው ሥራው የአምራቹን ክፍል ከዋናው ስርዓት ለይቶ በመካከላቸው ቋሚ መገናኛ ለማኖር ሞክሯል። ይህም ማሻሻያ ማዘጋጀትን አቅልሏል፤ የማሻሻያው ቁልፍ ግን አሁንም በአምራቹ እጅ ነው። የአርም ቴክኖሎጂ በባሕርይው ለወጥ መስፈርት የማይመች ስለሆነም አይደለም። አርም ለሰርቨር ኮምፒውተሮች ወጥ መስፈርት ያወጣው በ2014 ነበር። የሰርቨር ገዥዎች አንድ ስርዓተ ክወና በሁሉም ማሽን ላይ እንዲሠራላቸው የሚጠይቁ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ስልክ ገዥው ግን እንዲህ ያለ የመደራደር አቅም የለውም።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ክፍተት በሕግ ለመሙላት ሞክሯል። ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው ደንብ፣ አንድ የስልክ ሞዴል ለገበያ መቅረቡ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመታት የስርዓተ ክወና ማሻሻያ እንዲገኝለት ያስገድዳል። ደንቡ በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በካርቱም ገበያ የሚሸጥ ስልክን አይመለከትም።

አዲሱ ነጻነትና ስጋቱ

ሪስክ ፋይቭ የተሰኘው የፕሮሰሰር ቋንቋ በ2010 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ማንም የፈቃድ ክፍያ ሳይከፍል ሊጠቀምበት ይችላል። እያንዳንዱ አምራች የራሱን መመሪያ የመጨመር ነጻነቱ ግን ቋንቋውን ወደማይግባቡ ዘዬዎች ሊከፋፍለው ይችላል። ይህን ለመግታት አርቪኤ23 የተባለ የጋራ መስፈርት በ2024 ጸድቋል። ኡቡንቱ በኦክቶበር 2025 ባወጣው ዕትሙ መስፈርቱን በሪስክ ፋይቭ ማሽኖች ላይ ግዴታ አደረገ። ቀደም ብለው የተሸጡት አብዛኞቹ የሪስክ ፋይቭ ሰሌዳዎች ይህን ስለማያሟሉ አዲሱን ዕትም መጫን አይችሉም። የወደፊቱን መከፋፈል የሚከላከለው ውሳኔ የመጀመሪያዎቹን ገዥዎች ከኋላ አስቀርቷል።

ለአካባቢው ምን ማለት ነው?

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱን የፊደል ኮድ ይጠቀም ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። መስፈርቱ ከጸደቀ በኋላም ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በቀጥታ የመጣው በ2007 ነው። በዚያ ሽግግር ወደ አዲሱ ኮድ ያልተቀየሩ ሰነዶችን ዛሬ ለማንበብ የያኔውን ፊደል ማግኘት ወይም መቀየሪያ መፈለግ ግድ ይላል።

የዚያ ዘመን ተሞክሮ አሮጌውን መስበር አንዳንዴ አስፈላጊ መሆኑን ያሳያል፤ ያለ ዩኒኮድ የዛሬው የአማርኛ ኢንተርኔት አይታሰብም። የሽግግሩን ጉዳት የሚወስኑት ማስጠንቀቂያው በቂ ጊዜ መስጠቱ፣ መሸጋገሪያ ድልድይ መኖሩና ወጪው በማን ላይ መውደቁ ናቸው።

የአካባቢው አገራት በፕሮሰሰር ነዳፊዎች ላይ ያላቸው ተጽዕኖ አነስተኛ ነው። በግዢ ላይ ግን ድምፅ አላቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ትምህርት ቤቶች በጨረታ ሰነዶቻቸው ላይ ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ እንዲገለጽ፣ ማሽኑ ከአንድ በላይ ስርዓተ ክወና እንዲቀበል፣ ያስጻፉት ሶፍትዌር የምንጭ ኮዱም እንዲሰጣቸው ማስፈር ይችላሉ። የምንጭ ኮዱ በእጁ ያለ መሥሪያ ቤት ፕሮሰሰሩ ሲቀየር ፕሮግራሙን ለአዲሱ ማሽን እንደገና ማስተርጎም ይችላል፤ ባይነሪው ብቻ ያለው ግን የሻጩን መልካም ፈቃድ ይጠብቃል።