አርባ ስምንቱን ሰዓት ማን ይቍጠር?

ትምህርት ተዘግቶ ወደየቤታችን ስንገባ ከጎረቤት የሚመጣልን ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁና እስቲ ንገሩን፤ ፖሊስ ያለ ወረቀት ሰው መያዝ ይችላልን? ተይዞ የሄደው ልጄ ስንት ቀን ይቆያል? ቃልህን ስጥ ሲባል ዝም ቢል ይቀጣበታልን? ስንቅ ይዤ ብሄድ ያስገቡኛልን?» ይሉናል። እኛም አብዛኛውን ጊዜ «ጠበቃ ጠይቁ» ብለን እናልፈዋለን። ጠበቃ መጠየቅ ግን ከተማ መውጣትን፣ ገንዘብንና ጊዜን ይፈልጋል። የታሰረ ሰው ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያጣው ጊዜን ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የምንናገረው ስለ አንድ ቍጥር ነው፤ እርሱም አርባ ስምንት ሰዓት ነው።

ይህ ቍጥር ትናንት የመጣ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዝዞ ነበር። ሰውየው የተያዘበት ስፍራ ከፍርድ ቤቱ በእግር ብቻ የሚኬድና ከ48 ሰዓት የማያንስ መንገድ ያለው ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ሊያራዝመው ይችል ነበር። በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ ሰዓት ደገመው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 አጸናው፤ ከተያዙበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በተገቢው ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ አይታሰብም አለ። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ሰዓቱ ግን አልተለወጠም። አባቶቻችን በእግር ይሄዱበት የነበረው አገር ዛሬ የመኪና መንገድ አለው፤ የወረዳ ፍርድ ቤትም በየወረዳው ተቋቁሟል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከዳንግላ እስከ እንጅባራ የአንድ ሰዓት ጉዞ አይሞላም። እንግዲህ የመንገድ ርቀት ምክንያት የሚሆንበት ዘመን አልፏል ማለት ነው።

ጎረቤቶቻችን ለሚጠይቁን የቀረው መልስም ከዚሁ ሕገ መንግሥት ይገኛል። የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት ወዲያውኑ፣ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም አስቀድሞ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ተገድዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም። በዋስ የመለቀቅ መብት አለው፤ ፍርድ ቤት ዋስትናን የሚከለክለው ሕግ በለያቸው ልዩ ሁኔታዎች ነው። ሚስቱ ወይም ባሏ፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና የሕግ አማካሪው ሊጎበኙት ይችላሉ፤ ይህን የሚለው አንቀጽ 21 ነው። ስለዚህ ስንቅ ይዛ ከጣቢያው በር የቆመች እናት ምሕረት ለማኝ አይደለችም፤ መብት ጠያቂ ናት።

ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለ መያዝ የጠየቁንም አሉ። በ1954ቱ ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘ ሰው፣ እንዲሁም ቢያንስ አንድ ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ስለ መሥራቱ በቂ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ያለ ትእዛዝ ሊያዝ እንደሚችል ተጽፏል። ያው ሕግ ቤት የሚበረበረው፣ ፍርድ ቤት ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት እንዲሆን ወስኗል። በኪሳችን ስለምንይዘው ስልክም የምናስብ ካለን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምናደርገው ግንኙነት እንደ ደብዳቤ የማይደፈር መሆኑን አንቀጽ 26 ይናገራል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሰዓቱ ራሱን አይቈጥርም፤ ሕጉም ራሱን አያነብም።

እስቲ አንድ ሰው በሐሳባችን እናቁም። ከፋግታ ለኮማ ወረዳ የመጣ ገበሬ ነው እንበል። ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ የሚኖር፣ በቤቱም በገበያውም አዊኛ የሚናገር፣ አማርኛውን ከገበያ የለቀመ ሰው ነው። በሰፈሩ ጠብ ተነሥቶ ሰው ይቈስላል፤ እርሱም ተይዞ ይመጣል። መርማሪው በአማርኛ ይጠይቀዋል፤ እርሱም በቻለው አማርኛ ይመልሳል። ሊል የፈለገው «ጠቡ ሲነሣ እዚያ ነበርሁ» ነው። ከአፉ የወጣው ግን «በጠቡ ነበርሁበት» የሚል ይሆናል። ጸሐፊውም የሰማውን ይጽፋል። ሰውየው ማንበብ አይችልምና ተነብቦለት ይሁን ሳይነበብለት የጣት አሻራውን ያትማል። አንዲት «በት» የምትባል ምዕላድ ምስክር የነበረውን ሰው ተከሳሽ አደረገችው ማለት ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ሰው ተረት አይደለም፤ የእስር ዓመት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። መርማሪው አልመታም፤ ጸሐፊውም አልዋሸም። የጐደለው አስተርጓሚ ብቻ ነው። ሕጉ ግን ይህን ገና በ1954 ዓ.ም. አስቦበት ነበር፤ ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በሚገባ ለማያውቅ ሰው ብቁ አስተርጓሚ እንዲሰጠው፣ አስተርጓሚውም የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ አዝዞ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በፍርድ ቤቱ ቋንቋ የማይናገር ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጐምለት አዝዟል። ይህ ዞን በአዊ ብሔረሰብ ስም የሚጠራ፣ የራሱም የብሔረሰብ ምክር ቤት ያለው ነው፤ አዊኛም በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ ሆኗል። ልጅ በአዊኛ ፊደል እየቈጠረ አባቱ በማያውቀው ቋንቋ ቃሉን ቢሰጥ ነገሩ ግማሽ ሥራ ነው። ወደ ጃዊና ወደ ጓንጓ ወረድ ብንል ደግሞ ጉሙዝኛ የሚናገሩ ወገኖቻችን አሉ፤ ለእነርሱ አዊኛም አማርኛም ባዕድ ሊሆን ይችላል።

አሁን «ይህ ሁሉ ለሰላም ጊዜ ነው፤ ዘመኑ ግን ሌላ ነው» የሚለን አንባቢ ይኖራል። እኛም ዘመኑን አልረሳነውም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርንም ፈቀደ። ስድስት ወር ሲሞላው በጥር 2016 ዓ.ም. ለአራት ወር ተራዘመ፤ በዚያው ዓመትም ጊዜው አበቃ። ከዚያ በኋላ ግን፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥር 2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ብዙ ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በጅምላ ከተያዙባቸው አራት ስፍራዎች አንዷ ብሎ የጠራት የእኛኑ ዳንግላን ነው። አዋጁ ካበቃ በኋላ አርባ ስምንቱ ሰዓት ወደ ቦታው መመለስ ነበረበት። አዋጅ የሚታወጀው ጊዜ ተወስኖለት ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ አዋጁ ያልፋል፤ ልማዱ ግን ካልተከለከለ ይቀራል። የምንፈራውም ይህንኑ ልማድ ነው። ሰው መታሰሩን እንጂ መቼ እንደ ታሰረ የማይጠይቅ ሕዝብ አርባ ስምንቱን ሰዓት በራሱ እጅ ያጠፋዋል።

ይህን ስንል ፖሊስን ጠላት ለማድረግ አይደለም። ፖሊስም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ሥራው ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። የተያዘም ሰው በጉልበት መታገል የለበትም፤ ትግሉ በቃልና በወረቀት መሆን አለበት። ነገር ግን ሕጉ ለፖሊሱም ጠባቂው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 423 ከሕግ ውጪ ሰውን የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አለቃው ያላግባብ ሲያዝዘው «ይህ እኔን ያሳስረኛል» ብሎ የሚመልስ ፖሊስ እንዲኖረን ከፈለግን፣ ሕጉን ሕዝቡም ፖሊሱም እኩል ሊያውቁት ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማኅበራችን ጠበቃ መሆን አይችልም፤ ሰዓት ቈጣሪ ግን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

መጀመሪያ፣ ሕግ የሚማሩ ጓደኞቻችንና አዊኛ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ተቀምጠው አንቀጽ 19ን፣ 20ንና 21ን በአንድ ገጽ ወደ አዊኛ ይመልሱልን። መምህራኖቻችንም እንዲያርሙት እንለምናቸዋለን፤ በሕግ ቃል ላይ ስሕተት ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይተናልና። ጉሙዝኛ የሚችል ተማሪ ቢገኝ ሥራው እጥፍ ዋጋ ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ስንሄድ ይህን ገጽ ለቤተሰባችንና ለጎረቤቶቻችን በቃል እናንብብ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ይህ ይሁን፦ ሰው ሲያዝ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የያዘውን ክፍልና የተወሰደበትን ጣቢያ ጻፉ፤ መጻፍ ባትችሉ ለሚችል ልጅ ንገሩ። ሁለት ቀን አልፎ ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ የመንገዱን ጊዜ ቀንሳችሁ፣ ዘመዱ አካሉ ነጻ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ያን ጊዜ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ተያዘ?» ብሎ ነው። ሰዓቱን የጻፈ ቤተሰብ መልስ አለው፤ ያልጻፈው ግን «አላስታውስም» ብሎ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ባለሥልጣኖች በየጣቢያው አዊኛ አጣርቶ የሚተረጕም ሰው መኖሩን እንዲያረጋግጡልን፣ የተያዘ ሰው የሚፈርምበትም ወረቀት በሚሰማው ቋንቋ ሳይነበብለት አሻራ እንዳይወሰድ እንዲያደርጉልን በማክበር እንጠይቃለን። ይህ ገንዘብ የሚያስወጣ ታላቅ ነገር አይደለም፤ ፈቃድና ሥርዓት የሚፈልግ ነገር ነው።

አገራችን «በሕግ አምላክ» የሚል ቃል ነበራት። ሁለት ሰው ሲጣላ ያገኘ መንገደኛ ይህን ሲል በሕግ አምላክ የተባለው ሰው ይቆም ነበር። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው፣ የሚፈስ ውሃም ይቆማል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ያ ቃል ያስከብር የነበረው የሚጠራው ሰውም የሚሰማው ሰውም ሕግ መኖሩን ስለሚያምኑ ነበር። ዛሬ ሕጉ ተጽፏል፤ ሰዓቱም ተቈርጧል። የቀረው የሚጠራው ሰው ነው። ያ ሰው በቋንቋው እንዲጠራ ካላስተማርነው፣ እኛ የተማርነው የማን ሕግ ነው?